ለወይዘሮ ረሒማ የነበረብኝ ሳቅ

ሱቅ መክፈት።
በረንዳ መጥረግ።
የወይራና የልምጭ መፋቂያ በስንዝር ልክ መቁረጥ።
ስኳር፣ ጨውና ሳሙና መሸጥ።
ዝርዝር ሲጠፋ በከረሜላ ፈንታ መፋቂያ መመለስ።
ደንበኛን ማሳቅ።
ደንበኛው ሲስቅ ድዱን መመልከት።
የታየውን ለባለ ድዱ ሳይደብቁ መንገር።
ሱቅ መዝጋት።

ከላይ የተዘረዘረው የጎረቤቴ የወይዘሮ ረሒማ የዘወትር ተግባር ነው። ቅደም ተከተሉን እኔ አልፈጠርሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት ከደጃፌ ሆኜ ያየሁትን እንዳለ አሰፈርሁት እንጂ።

ማንም ሳይሾመው የተሾመ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ፣ ጡረታም የማይወጣ አንድ ባለሥልጣን በየሰፈሩ አለ። በአንዱ ሰፈር የሰውን ጫማ የሚመረምር ይኖራል። በሌላው ሰፈር የሰው ልጅ መቼ ማግባት እንደሚገባው የሚያሰላ አይጠፋም። ያስነጠሰውን ሁሉ አስቁሞ ትናንት ምን እንደበላ የሚጠይቅም አለ። ለእኛ ለሰቆጣዎቹ የደረሱን ወይዘሮ ረሒማ ግን የድድ ባለሥልጣን ናቸው። አቤቱታ የሚቀርብበት የበላይ አካል የላቸውም፤ በእኔ በኩል ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሥራ ፈት የሚቀመጥበትን ቦታ ወጣቶች «ድድ ማስጫ» ይሉታል። አባባሉን በመምህርነቴ አልወድደውም። የወይዘሮ ረሒማን በረንዳ ግን ሌላ ስም ልሰጠው ብሞክር አልተሳካልኝም። ሰው ጨው ሊገዛ ይመጣል፤ እርሳቸው ጨውን እየመዘኑ አንድ ጨዋታ ጣል ያደርጋሉ፤ ሰውየው ይስቃል። የሳቁ ምክንያት ደስታ ይመስለዋል። ምርመራ መሆኑን የሚያውቀው «ከታች በስተግራ ቀልቷል፤ ማታ ማታ አትፍቅም ማለት ነው» ሲባል ነው። ራሳቸው ሲስቁ ግን ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ይህንን የጨዋ ሴት ቁጥብነት ነው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አከበርሁላቸው።

ከደሃና ወረዳ ማር ጭኖ የመጣ ወንዳወቅ የሚባል ገበሬ ነበር። ወይዘሮ ረሒማ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር ነገሩትና አህያው እስኪደነግጥ ሳቀ። ድዱን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ማሩን ከመሸጡ በፊት ሆስፒታል ሄዶ እንዲታይ አዘዙት። ማሩ እንዳይጓደልበት ፈራ። «አህያህም ማርህም እኔ ዘንድ ይቆያሉ፤ ጥርስህን ግን የሚጠብቅልህ የለም» አሉት። ሄደ። ሲመለስ ማሩ ተሽጦ ጠበቀው፤ በደህና ዋጋ። ከዚያ ወዲህ ወንዳወቅ ገበያ በመጣ ቁጥር ከማሩ በፊት አፉን ያሳያል።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። ዝናሽ የተባለች የሰፈራችን ሴት አጎቷ ሞተውባት አፏን ከፍታ ስታለቅስ ወይዘሮ ረሒማ ከፊቷ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። በማግስቱ ሁለት መፋቂያ ላኩላት። የመልእክቱ ቃል «ለቅሶሽን አይቻለሁ፤ ከላይ በስተቀኝ አብጦብሻል፤ አላህ ያጽናሽ» የሚል ነበር። ዝናሽ ሳምንት አኮረፈች። በስምንተኛው ቀን መፋቂያ ልትገዛ መጣች።

በጣም የሚከብዳቸው ድዳቸውን የተነቀሱ ሴቶች ናቸው። ንቅሳቱ ውበት ነው፤ ባለቤቴ ጥሩሐረግም በልጅነቷ ተነቅሳለች፤ ጥቁሩ ድድ ከነጩ ጥርስ ጋር እንዴት እንደሚያምር እኔ ምስክር ነኝ። ንቅሳት ከድድ በሽታ ያድናል የሚል እምነትም በአገራችን አለ። ወይዘሮ ረሒማ ግን፣ ጥቁር ድድ ሲቀላ አይታይም፤ የተሸፈነ እንጂ የዳነ አይደለም ባይ ናቸው። ስለዚህ ከተነቀሱ ሴቶች ድድ ማየትን ትተው የተፋቀበትን መፋቂያ ይጠይቃሉ። ጫፉ ደም ከነካው ምርመራው አለቀ። ጥሩሐረግ በየገበያው ቀን መፋቂያዋን ስታሳይ ሦስት ዓመት እንዳለፋት የሰማሁት በቅርቡ ነው። በገዛ ቤቴ የሚካሄድ ነገር ሳላውቅ ሦስት ዓመት መኖሬ በሥርዓት ወዳድነቴ ላይ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። አላነሣሁትም።

በመላው ሰፈር አንድ ያልተመረመረ ሰው ቀረ። እኔ ነኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን በርእሰ መምህርነት። ጥርሴን ያየ ተማሪ የለም። መምህር ከሳቀ ክፍሉ ይፈርሳል ብለው ያስተማሩኝ መምህራን ነበሩ፤ ክፍሌም አልፈረሰም። ወይዘሮ ረሒማ ያላቸውን ጨዋታ ሁሉ ሞክረውብኛል። ስለ በግ ነጋዴው ነገሩኝ፤ ስለ ሁለቱ ባልቴቶችና ስለ አንዱ ቄስም ጨመሩ። «ተሰምቷል» እላለሁ፤ ስኳሬን ይዤ እወጣለሁ። ከኋላዬ ድምፃቸው ይከተለኛል።

«መምህር፣ አንድ ሳቅ አለብዎት።»

ይህ ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ተባለ። ለትልቅ ሰው የማይገባ ንግግር ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስታውቄአቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠይቀው ሳቄን ጠየቁኝ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ዐቢይ ጾም እገባለሁ።

እኔና ጥሩሐረግ በቁርባን ለመወሰን ዐሥር ዓመት ስንመካከር ኖረናል። መመካከር ያልሁት ለራሴ አድልቼ ነው፤ እርሷ ስትለምነኝ እኔ ሳዘገይ ኖርሁ ማለቱ ይቀርባል። መጀመሪያ ልጆቹ ይዳሩ አልሁ። ቀጥሎ የቤቱ ጣሪያ ይለወጥ አልሁ። በመጨረሻ የማዘገይበት ነገር አለቀብኝና ለትንሣኤ አብረን እንድንቆርብ ተስማማሁ። ጥሩሐረግ ለሁለታችን ነጭ ነጠላ አሠርታ ሣጥን ውስጥ አኖረች። ማታ ማታ ሣጥኑን ከፍታ ታየውና መልሳ ትዘጋዋለች።

በዚሁ ሰሞን ድዴ መድማት ጀመረ። ስፍቅ ይደማል፤ ዳቦ ስገምጥም ቀይ ነጥብ ይተዋል። የንስሐ አባታችን ቄስ መንግሥቴ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኋቸው ልጅ ናቸው፤ ዛሬ ግን አባቴ ናቸው፤ ሥርዓት ነው። ስለ እኔ ሳልገልጥ በደፈናው ጠየቅኋቸው። ደም የሚፈስሰው ሰው እስኪቆምለት ሳይቆርብ ይታገሣል አሉኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ እንደለመድሁት ነገሩን በሥርዓት አሰብሁት። አንደኛ፣ ድዴ የሚደማው ስፍቀው ነው። ሁለተኛ፣ በቁርባን ዕለት አፍ በውኃም በመፋቂያም አይነካም። ሦስተኛ፣ ለአንድ ቀን የተከለከለ ነገር ለሃምሳ አምስት ቀን ቢከለከል ይበልጥ ይቀደሳል። ስለዚህ ከጾሙ መግቢያ ጀምሬ መፋቅ ተውሁ። በሐሳቡ ቅንብር ረክቼ ነበር፤ ለተማሪ ቢሰጥ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደሙ የቀነሰ መሰለኝ። በአራተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ስነሣ ትራሴ ላይ ደም አየሁ። ድዴ አብጦ ጥርሴን ተጫነው። ጥሩሐረግ ስታናግረኝ ፊቷን በጥቂቱ ዘወር ማድረግ ጀመረች፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የትራሱን ልብስ በየሁለት ቀኑ ታጥባለች። ነጠላዎቹን ለማየት ሣጥኑን መክፈት ተወች።

ወይዘሮ ረሒማ የደረሱበት በሳሙናው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ቤት በሳምንት አንድ ሳሙና እንደሚበቃው ሃያ ሁለት ዓመት ያውቃሉ። ጥሩሐረግ ማክሰኞ ገዝታ ዓርብ ስትመለስ፣ ሰኞም ስትደግም፣ ምን ዓይነት እድፍ እንደሆነ ጠየቋት። ባለቤቴ ውሸት አትችልም።

የደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። ተጠራሁ ማለቴ እውነት ነው፤ ጥሩሐረግ «ወይዘሮ ረሒማ ይፈልጉሃል» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር፤ እርሳቸው ረመዳን ላይ ናቸው። ከንፈራቸው በጥም ደርቋል፤ መፋቂያው ግን እጃቸው ላይ ነው። ሱቁ ባዶ ነበር። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ዛሬ ሳቅ አልጠይቅዎትም፤ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አሉኝ።

አልከፈትሁም። ይልቅስ ያሰብሁትን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማንም ተማሪዬ እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

«መምህር፣ ክፍል ውስጥ ልጆች ሲጮኹ ትምህርቱን ይተውት ነበር?»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ድድዎ እየጮኸ ነው እኮ። የሚጮኸው በሥሩ ቆሻሻ ስለተቀመጠበት ነው። እርስዎ መምህሩን ከክፍል አስወጡት። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ሆዴ ይጾማል፤ ጥርሴ ምን በደለ?»

 ወይዘሮ ረሒማ ጀርባቸውን ሰጡን፤ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ሲዞሩ ሻሻቸው አፋቸውን ሸፍኗል። ስኳር በሚመዝኑበት ሚዛን ሳሕን ላይ አንድ ነገር አኖሩ። አራት የላይ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ ከሮዝ ሰው ሠራሽ ድድ ጋር የተያያዙ። ሚዛኑ በጥቂቱ ዝቅ አለ።

«ሠላሳ ዓመቴ ላይ ድዴ ደማብኝ» አሉ፤ ድምፃቸው በሻሹ ውስጥ ሌላ ሰው መሰለ። «መፋቂያው ነው የሚያቆስልሽ፣ ተይው አሉኝ። ተውሁት። ስተወው ደሙ የቀነሰ መሰለኝ፤ ዳንሁ ብዬ ዝም አልሁ። ሕመም እንኳ የለውም፤ ቢያመኝ ኖሮ እነቃ ነበር። ውስጥ ውስጡን ሥሩን በልቶት፣ አንድ ቀን ቆሎ ስበላ አንዱ ከቆሎው ጋር ወጣ። የቀሩት ተከተሉት። እነዚህን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ከባለቤቴ በቀር ማንም አላየብኝም።»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አነሣች። እኔ ሚዛኑን ተመለከትሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያከበርሁላቸው ቁጥብነት እዚያ ሳሕን ላይ ተቀምጧል። ሰውን ሁሉ እያሳቁ የራሳቸውን ሳቅ ለምን እንደሚሸፍኑ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃልና። የእርሳቸው ግን ጥርሱ ራሱ የተውሶ ሆኖ ሳለ፣ ለሆዳቸው ባዳ ሳይሆን ኖሯል።

አፌን ከፈትሁ።

በባትሪ አዩኝ፤ ብዙ ጊዜ አዩኝ። ጥርሴ ገና ጠንካራ እንደሆነ፣ በሥሩ ግን መፋቂያ የማያነሣው ጠጠር እንደተጋገረበት ነገሩኝና በነጋው ሆስፒታል እንድሄድ አዘዙ። ሄድሁ። የጥርስ ባለሙያዋ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ናት፤ ጠጠሩን እያነሣች ስታሳየኝ ከእኔ አፍ የወጣ አልመሰለኝም። ከዚያም ጠዋትና ማታ እንድፈቅ፣ ሳልጫን ከድዱ ወደ ጥርሱ እንድወስድ፣ የውስጡንም ጎን እንዳልረሳ ነገረችኝ። ለጥቂት ቀን ቢደማም እንዳላቆም አስጠነቀቀች። ወይዘሮ ረሒማ የነገሩኝን ያህል ነው፤ ልዩነቱ ሰላማዊት ሳቅ አልጠየቀችኝም።

የቀረኝ አንድ ፍርሃት ነበርና ወደ ቄስ መንግሥቴ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ በደፈናው አልጠየቅሁም፤ ሁሉንም ተናዘዝሁ። አዳመጡኝና ጺማቸውን አሻሹ።

«መምህር፣ በአምስተኛ ክፍል ሳነብ ከመጽሐፉ ውጭ አንድ ቃል ብጨምር ምን ይሉኝ እንደነበር ያስታውሳሉ?»

አስታወስሁ። የተጻፈውን አንብብ፤ ከራስህ አትጨምር እል ነበር።

«እንግዲህ የተጻፈው ለቁርባኑ ጠዋት ነው። ሃምሳ አራቱን ቀን የጨመሩት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ቀን ነበረኝ። ማታ ማታ፣ ወይዘሮ ረሒማ ካፈጠሩ በኋላ፣ የፋቅሁበትን መፋቂያ ይዤ ሱቃቸው እቆማለሁ። ጫፉን አኝኬ እንደ ብሩሽ ማለስለስ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ እኔ እስከዚያ ድረስ የምፍቀው እንጨት በመጋዝ እንደሚቆረጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጫፉ ቀይ ነበር።  በሁለተኛው ሳምንት ሮዝ ሆነ። አንድ ማታ ሳይደማ ወጣና ደስ ብሎኝ ብሄድ በባትሪ አገላብጠው አዩትና «የውስጡን ጎን ዘለውታል፤ ተመልሰው ይፍቁ» ብለው ሰደዱኝ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ የቤት ሥራ እንዲህ ተመልሶብኝ አያውቅም። ተመልሼ ፋቅሁ። ደማ።

ረመዳን ተፈታ፤ እርሳቸው ዒዳቸውን አከበሩ፤ እኔ ጾሜን ቀጠልሁ። በሆሳዕና ዋዜማ መፋቂያው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ በውስጡም በውጩም። በማግስቱም ነጭ ነበር። የትራሴ ልብስ ሳምንት ሙሉ ሳይታጠብ ሰነበተ። ዓርብ ጥሩሐረግ ሳሙና አልገዛችም። ያን ዕለት ማታ ሣጥኑን ስትከፍት ሰማሁ።

በትንሣኤ ሌሊት ሁለታችን ነጩን ነጠላ ለብሰን፣ ጎን ለጎን ቆመን ቆረብን። አፌ ከዋዜማው ጀምሮ አልተነካም፤ የተጻፈው ይኸው ነውና። ስንወጣ ጥሩሐረግ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም እንዲሁ። ደጀ ሰላሙን ስናልፍ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷንም ዘወር አላደረገችም። ስለዚያ አስተያየት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሱቁ ሄድን። ወይዘሮ ረሒማ ስንመጣ አይተው ከሚዛኑ ጀርባ ቆመው ጠበቁን። እንኳን አደረሳችሁ አሉን። ከዚያም፣ ለዚህ ቀን ብለው ሃያ ሁለት ዓመት ያቆዩት አንድ ጨዋታ እንዳለ ነገሩኝ። ስለ አንድ ርእሰ መምህርና ስለ አህያው ነው። ጀመሩት። መምህሩ አህያውን በሰልፍ ሊያቆመው ከሚሞክርበት ደረሱና ገና እኔ ሳልሰማው እርሳቸው መሳቅ ጀመሩ። ሊቀጥሉ ይሞክራሉ፤ ይስቃሉ። ሻሻቸውን ወደ አፋቸው መሳብ ረሱ። በሦስተኛው ሙከራ አራቱ ጥርሶች ከሳቁ ቀድመው ወጡ፤ ወይዘሮ ረሒማም በስኳሩ ማንኪያ ቀለቧቸው።

 እርሳቸው ማንኪያውን ተመለከቱ። እኔንም ተመለከቱ። ከዚያም አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ በባዶው ድድ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ጨዋታው አላለቀም ነበር፤ እስከ ዛሬም መጨረሻውን አላውቀውም። አፌን ሙሉ ከፍቼ፣ በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ እስኪዞሩ፣ የሚዛኑን ጠርዝ ይዤ ሳቅሁ። በሳቁ መሐል ዐይኔን ስገልጥ ወይዘሮ ረሒማ በአንድ እጃቸው ማንኪያውን ይዘው በሌላው ባትሪውን አብርተው ድዴን እየተመለከቱ ነው። ላይኛውን አዩ። ታችኛውን አዩ። ባትሪውን አጠፉ።

«ንጹሕ ነው» አሉ።

ለወይዘሮ ረሒማ የነበረብኝ አንድ ሳቅ ነው። በትንሣኤ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ ጠዋት፣ ባለቤቴ ባለችበት፣ ሙሉውን ከፍያለሁ።